ፑድል፦ የ18 ሺህ፣ የ55 ሺህና የ130 ሺህ ብር ቡችላ ልዩነቱ ምንድን ነው?

«ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። የ10 ዓመት ልጃችን ‹ውሻ ካልገዛችሁልኝ› ብላ ሰላም ነስታናለች። ለአፓርታማ ይሆናል ስለተባለ ፑድል ልንገዛ ወሰንን። ችግሩ ዋጋው ነው። ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፎ የቆመ ልጅ 18 ሺህ ብር አለን። አራት ኪሎ አካባቢ ቤታቸው ያስወለዱ ወይዘሮ 55 ሺህ ብር አሉ፤ ከዚያ ንቅንቅ አይሉም። በቴሌግራም ያገኘነው ደላላ ደግሞ ‹ቲካፕ ነው፣ ከውጭ ገና መግባቱ ነው፣ ሁለት ወሩ ነው› ብሎ 130 ሺህ ብር ጠራ። ሦስቱም ነጭ፣ ሦስቱም ፀጉራም፣ ሦስቱም የሚያሳሱ ናቸው። ልዩነቱ ከምን መጣ? ውዱን ብንገዛ ይሻላል? ልጃችን አስም ቢጤ አለባት፤ ፑድል አለርጂ አያመጣም የሚሉትስ እውነት ነው?» የልደታዋ እናት

ውድ ጠያቂያችን፣

ሦስቱ ቡችሎች በፎቶ ስለሚመሳሰሉ ነው ዋጋው ግራ ያጋባዎት። ገበያው የሚያስከፍለው ግን በፎቶ ለሚታየው ብቻ አይደለም። ለእናትና አባቱ፣ ለዕድሜው፣ ለክትባቱ፣ ለመጠኑ፣ ለቀለሙ፣ አንዳንዴም ለሻጩ ምላስ ነው የሚከፈለው። የእኛን አቋም ከወዲሁ እንንገርዎት፦ እናቲቱን ማየት ከቻሉ ዋጋ ይከራከሩ። ማየት ካልቻሉ 18 ሺህም ሆነ 130 ሺህ፣ ክርክር ውስጥ ባይገቡ ይሻላል።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከዝርያው እንጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ ነጭና ፀጉራም የሆነ ትንሽ ውሻ ሁሉ «ፑድል» እየተባለ ሲሸጥ ይታያል። ከማልቲዝ፣ ከሺ ትዙ ወይም ከስፒትዝ የተዳቀለ ቡችላ በስምንት ሳምንቱ ከንጹሕ ፑድል ጋር በቀላሉ ይምታታል። የፑድሉ ፀጉር ራሱ በዚያ ዕድሜ ገና አልተጠቀለለም፤ ለስላሳና ሞገድ ቢጤ ነው። ስለዚህ ፀጉሩን ይተዉትና አጥንቱን ይዩ። የፊቱን ፀጉር በእጅዎ ወደ ኋላ ሰብስበው ያዙት፦ የፑድል አፍ ረዘም፣ ቀጥ፣ ቀጠን ያለ ነው። ዓይኑ ሞላላ እንጂ ክብና ጎላ ያለ አይደለም። ጆሮው የሚጀምረው ከዓይኑ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲያቆሙት ከትከሻው እስከ መሬት ያለው ቁመት ከደረቱ እስከ ጭራው ሥር ካለው ርዝመት ጋር ይቀራረባል፤ ማለትም ከጎን ሲታይ አራት ማዕዘን ይመስላል። አጭር አፍ፣ ፈጠጥ ያለ ዓይን፣ ረዥም ወገብና አጭር እግር ካዩ ድቅል ነው። ድቅል መሆኑ ነውር የለውም፤ ጤነኛ ድቅል ለልጅ ጥሩ ጓደኛ ይሆናል። ነገር ግን ፀጉሩ ይራገፍ አይራገፍ፣ ቁመቱ የት ይቁም ቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ በፑድል ዋጋም አይሸጥም። የሜክሲኮው ልጅ 18 ሺህ ያለዎት ምናልባት የዚህ ዓይነቱን ነው።

እናቲቱን ማየት ይህን ጥርጣሬ ግማሽ በግማሽ ያቀልልዎታል። ግን «እናቱ እቻት» ተብሎ የተጠራ ውሻ ሁሉ እናት አይደለም። የስምንት ሳምንት ቡችሎች እናት ጡቷ ገና ልል ብሎ የተንጠለጠለ ነው፤ የጡቷ ጫፎች ወፈር ብለው ይታያሉ፤ ፀጉሯም ሳስቶ ሊሆን ይችላል። ቡችሎቹን ሲለቋቸው ወደ ሆዷ ሮጠው ይገባሉ። እርሷም ወይ ታጠባለች ወይ ተቆጥታ ትገፋቸዋለች፤ ሁለቱም የእናት ጠባይ ነው። ሆዷ ልጥፍ ያለ፣ ፀጉሯ ተበጥሮ ሪባን የታሰረላት፣ ቡችሎቹንም ፊት የምትነሳ ውሻ ካሳዩዎት ከጎረቤት በውሰት መጥታ ይሆናል። ጠባይዋንም ይዩ። እንግዳ ሲገባ አልጋ ሥር ገብታ የምትንቀጠቀጥ ወይም ለመንከስ የምትቃጣ እናት ልጆች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጮኹ ቢሆኑ አይገርምም፤ የኮንዶሚኒየም ጎረቤት ደግሞ ይህን የሚታገሠው ለጥቂት ቀን ነው።

አሁን ወደ መጠን። መሠረቱ ቤልጂየም የሆነው ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኤፍሲአይ) ፑድልን በአራት መጠን ይመዘግባል፤ የሚለካውም በትከሻ ቁመት ነው። ትልቁ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛው ከ35 እስከ 45፣ ትንሹ ከ28 እስከ 35፣ ከሁሉም የሚያንሰው ቶይ ደግሞ ከ24 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ነው። «ቲካፕ» (የሻይ ስኒ ማለት ነው) የሚባል አምስተኛ መጠን የለም። ያ ስም ከሻጭ አፍ የወጣ የዋጋ መጨመሪያ ነው። ቡችላ እንዲህ የሚያንስባቸው መንገዶች ደግሞ አንዱም ተጨማሪ ገንዘብ አያስከፍልም። ወይ ቀጭጨው የተወለዱትን እርስ በርስ እያዳቀሉ ነው፤ ወይ ምግብ እየቀነሱ ነው፤ ወይ የአምስት ሳምንቱን «ሁለት ወሩ ነው» እያሉ ነው። እጅግ ያነሱ ቡችሎች አንድ ምግብ ሲዘለላቸው በደማቸው ያለው ስኳር ይወርዳል፣ ይንገዳገዳሉ፣ ካልተደረሰላቸውም ይሞታሉ። ከሶፋ ሲዘሉ የፊት እግራቸው ይሰበራል። ጥርሳቸው በትንሽ መንጋጋ ተጨናንቆ ቶሎ ይበላሻል። በቲክቶክ ሻይ ስኒ ውስጥ ገብቶ የሚታየው ውሻ ብዙ ሰው አስጎምጅቷል፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ዕድሜውን ከጥርሱ ያረጋግጡ። የወተት ጥርስ በሦስት ሳምንት ገደማ ይጀምራል፤ ስምንት ሳምንት አካባቢ ሃያ ስምንቱም ወጥተው ያልቃሉ፤ በትንንሽ ዝርያዎች ጥቂት ሊዘገይ ይችላል። ከንፈሩን በጎን ከፈት አድርገው ከክራንቻው ኋላ ያሉትን ይመልከቱ፦ ድዱ ባዶ ከሆነ ወይም ጥርሱ ገና እየቆነጠረ ከሆነ «ሁለት ወር» የተባለውን ይጠራጠሩ። ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ በርካሽ የሚሸጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሻጩ ትል የሚገድለውን መድኃኒት፣ የመጀመሪያውን ክትባትና የሦስት ሳምንት ምግብ ወጪ በእርስዎ ላይ አራግፏል። ቡችላው ደግሞ ከወንድሞቹ ጋር እየተናከሰ ሲጫወት የሚማረውን፣ ጥርሱን ማለዘብን፣ ሳይማር ቀርቷል። የ10 ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትንሹና ቶይ ፑድል ከትልቁ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወደደው በማማሩ ብቻ አይደለም። ትልቋ እናት በአንድ ጊዜ ስድስት፣ ስምንት ልትወልድ ትችላለች፤ ቶይ ግን ሁለት ወይም ሦስት፣ አንዳንዴም አንድ ብቻ ነው። እርግዝናው ለሁሉም 63 ቀን ገደማ ነው። በትንንሾቹ በተለይ ቡችላው አንድ ሆኖ ከገዘፈ ምጡ ይጠና፣ በቀዶ ሕክምና መውለድ ይመጣል። ወንዱን ለማስጠቃት የሚከፈለው፣ ብዙ ጊዜ የአንድ ቡችላ ዋጋ ወይም ከተወለዱት መርጦ አንዱን መውሰድ ነው። ይህ ሁሉ ለስምንት ሲካፈልና ለሁለት ሲካፈል አንድ አይደለም። የአራት ኪሎዋ ወይዘሮ ንቅንቅ ያላሉት ይህን አስበው ሊሆን ይችላል፤ ስንት እንደተወለዱና እንዴት እንደተወለዱ ይጠይቋቸው። በትክክል ያስወለደ ሰው ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የሞተ ካለም ሳይሸሽግ ይነግርዎታል።

በከተማችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ንጹሕ ፑድል ወንድ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ አንዱ ወንድ ለብዙ ቤት ይሄዳል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ አባትና ልጅ፣ ወንድምና እህት መዳቀላቸው አይቀርም። በሥጋ የተቀራረቡ ሲዳቀሉ ተደብቆ የቆየ የዘር በሽታ ይገለጣል። አባቱ የት እንዳለ፣ የማን እንደሆነ፣ ከእናቲቱ ጋር ዝምድና እንዳለው ይጠይቁ፤ ካልተገናኙም ቢያንስ ቪዲዮውን ይዩ።

ስለ ዘር በሽታው ጥቂት እንበል፤ የዋጋ ልዩነት በእውነት የሚገባው እዚህ ላይ ነውና። በትንንሾቹ ፑድሎች ዋነኛው የጉልበት ሎሚ ከቦታው መንሸራተት ነው። ውሻው ሲሮጥ አንድ የኋላ እግሩን ድንገት ያነሳል፤ ሁለት ሦስት እርምጃ በሦስት እግር እንደ ማነከስ ይልና መልሶ ይረግጣል። ሻጭ «ጨዋታ ነው» ይላል፤ አይደለም። ሐኪም በእጁ ዳብሶ ያገኘዋል፤ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ አለው፤ የላይኞቹ ደረጃዎች ቀዶ ሕክምና ይጠይቃሉ። ያ ደግሞ ከቡችላው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛው የዓይን ብርሃንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ ነው። መጀመሪያ በማታ፣ ኋላ በቀንም ያሳውራል፤ የሚታወቀው ውሻው ካደገ በኋላ ስለሆነ ቡችላ ላይ አይታይም። በወላጆቹ ዲኤንኤ ምርመራ ግን ቀድሞ ይታወቃል። በትልቁ ፑድል የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር፣ የቆዳ ወዝ ዕጢዎች ብግነትና ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ መድከም ይታሰባሉ። እዚህ ከተማ ወላጆቹን በዲኤንኤ ያስመረመረ ሰው ካገኙ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው እርሱ ነው። ካላገኙም የእናትየዋ ጉልበት በሐኪም ተዳብሶ ይሁን፤ ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የቀለም ነገር ሲነሳ ሻጮች ዋጋ መስቀል ይወዳሉ። እርስዎ ያዩዋቸው ሦስቱም ነጭ ስለሆኑ ይህ ብዙም አይመለከትዎትም፤ ነገር ግን ደላላው ሌላ አማራጭ ሲያመጣልዎት እንዳይሞኙ ይወቁት። በኤፍሲአይ መስፈርት መሠረት ፑድል አንድ ወጥ ቀለም ነው ያለው፦ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ከአፕሪኮት እስከ ቀይ ያለው። ቀዩና አፕሪኮቱ በጣም ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜም ይወደዳል፤ ግን ሲያድግ ይደበዝዛል፤ ዛሬ እንደ በርበሬ የቀላው በሁለት ዓመቱ ክሬም ሊሆን ይችላል። ግራጫው በተቃራኒው ጥቁር ሆኖ ይወለድና በኋላ ይነጣል። «ሲያድግ ብርማ ይሆናል» ተብለው ጥቁር ቡችላ በውድ ሲጠየቁ አፉ አካባቢና እግሩ ጫፍ ላይ ፀጉሩ እንዲላጭ ይጠይቁ። ስድስት ሳምንት ካለፈው በተላጨው ሥር ግራጫው ይታያል። ካልታየ ጥቁር ነው። ዥንጉርጉርና ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው «ብርቅዬ መርል» ካቀረቡልዎ ግን ይለፉት። ያ ቀለም በመስፈርቱ የለም፤ ሁለት መርሎች ሲዳቀሉም ደንቆሮና ዕውር ቡችሎች ሊወለዱ ይችላሉ።

«ከውጭ የገባ ነው» ስለሚለው። እውነት ሲሆን በእርግጥ ይወደዳል። የቡችላው ዋጋ በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የአውሮፕላን ጭነቱ፣ በልኩ የተሠራ ሳጥኑ፣ የጤና የምስክር ወረቀቱ፣ የማስገቢያ ፈቃዱ ይደመርበታል። እንዲህ የመጣ ውሻ ግን ዱካ አለው፦ ቆዳው ሥር ባለ 15 አኃዝ ማይክሮቺፕ፣ ያው ቁጥር የተጻፈበት የክትባት መዝገብ፣ የላኪው አገር ሐኪም የፈረመበት ወረቀት፣ የጭነት ደረሰኝ። ቁጥሩን በማንበቢያ መሣሪያ አስነብበው ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፤ መሣሪያው ያላቸው ክሊኒኮች አሉ። የእርስዎ ደላላ ራሱን የጣለው ደግሞ «ሁለት ወሩ ነው» ባለው ቃል ነው። ለጉዞ የሚጠየቀው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በተለምዶ ከ12 ሳምንት በፊት አይሰጥም። ተከትቦ፣ ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር ሦስት ሳምንት ገደማ ጠብቆ፣ ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰ ቡችላ ሦስት ወር ተኩል ያልፈዋል። የስምንት ሳምንት ቡችላ የእብድ ውሻ ክትባት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ቢመጣ ወይ ወረቀቱ ወይ ዕድሜው ሐሰት ነው። 130 ሺህ ብሩን ይርሱት።

የዘር ሐረግ ወረቀትም ቢሆን ከማይክሮቺፕ ጋር ካልተያያዘ ክፈፍ አድርገው ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካልሆነ ለሌላ አይረባም። ሴቷን «ታራባልዎታለች» ብለው ቢያስወድዱብዎም ለማዋለድ ካላሰቡ ያን ጭማሪ የሚከፍሉበት ምክንያት የለም። ሴት ከሆነች በስድስት በሰባት ወሩ ለወንድ እንደምትነሳ፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ የሰፈሩ ውሾች እንደሚሰበሰቡባት ግን ያስቡ። ማምከኛው ቀዶ ሕክምናም ወጪ ነው፤ ለሴት ከወንድ ይበልጣል።

ክትባቱን በተመለከተ ጊዜ ወስደው ይመርምሩ፤ በከተማችን ቡችላ ከገባ በሳምንቱ የሚሞተው በአብዛኛው ፓርቮ በሚባለው የአንጀት ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከገባበት አንስቶ ምልክቱ እስኪወጣ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። እናም ሲገዙት እየቦረቀ የነበረው በአራተኛው ቀን ያስመልሳል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል። የጥምር ክትባቱ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መጀመሪያው፣ ከዚያ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት፤ የእብድ ውሻው በሦስት ወር። የሚደጋገምበት ምክንያት አለው። በእናት ወተት የገባው መከላከያ ክትባቱን ያከሽፈዋል፤ ያ መከላከያ መቼ እንደሚጠፋ ደግሞ በየቡችላው ይለያያል። ስለዚህ «አንዴ ተከትቧል፣ አልቋል» የሚል ሻጭ አላለቀለትም። ካርዱ ላይ ከብልቃጡ ተልጦ የተለጠፈ ስቲከር፣ የመለያ ቁጥር፣ የማብቂያ ቀን፣ የሐኪም ፊርማና ማኅተም መኖር አለበት። በእስክሪብቶ «5 በ1 ተሰጥቷል» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ካርድ ካርድ አይደለም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተጠብቆ ካልቆየ ውኃ ነው። ሻጩ ራሱ ገዝቶ በኪሱ ይዞት ሄዶ የወጋው፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሲሞቅ ያደረው፣ ስቲከር ቢኖረውም አያድንም። «የትኛው ክሊኒክ ከተበው?» ብለው ይጠይቁና ደውለው ያረጋግጡ። የትል መድኃኒትም በየሁለት ሳምንቱ እየተሰጠ መምጣት አለበት፤ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ጎኑ ግን የከሳ ቡችላ ያልጠፋለት ትል አለበት።

ያደገውን አይናቁ። አራት፣ አምስት ወር የሞላው ቡችላ ገዢ ያጣል፣ ስለዚህ ይረክሳል፤ ለእርስዎ ግን ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ክትባቱን ጨርሷል፣ መጠኑ ይታያል (ትንንሾቹ በሦስት በአራት ወራቸው የወደፊት ክብደታቸውን ግማሽ ገደማ ይዘዋል)፣ ጉልበቱ ሲሮጥ ይፈተሻል። መፍራት ያለብዎት በሳጥን ተዘግቶ ያደገውን ነው። ከሦስት እስከ አሥራ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሰው፣ ልጅ፣ የመኪና ድምፅ፣ ደረጃ ያልለመደ ውሻ ኋላ ለመልመድ በጣም ይቸገራል።

አለርጂን በተመለከተ ለጠየቁት። ሙሉ በሙሉ አለርጂ የማያስነሳ ውሻ የለም። አስነጣሹ ነገር ፀጉሩ ሳይሆን በምራቁ፣ በቆዳው ብናኝና በሽንቱ ያለ ፕሮቲን ነው። ፑድል ፀጉሩ ስለማይራገፍ ምንጣፍ ላይ የሚታየው ያንሳል እንጂ ፕሮቲኑ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት እንዲያውም አለርጂ አያስነሱም በሚባሉት ዝርያዎች ፀጉር ላይ፣ ፑድልን ጨምሮ፣ ከሌሎቹ የበለጠ መጠን አግኝቷል። ስለዚህ ለዚህ ቃል አንድ ብር እንዳይጨምሩ። ልጅዎን ለአለርጂ ምርመራ ሐኪሟ ዘንድ ይውሰዷት። ከዚያ ወይዘሮዋ ቤት ሁለት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት፣ ከውሾቹ ጋር ትቀመጥ። ካሳላት ወይም ከተቸገረች ዋጋው ሁሉ ትርጉም የለውም፤ ውሻው ከገባና ልጅዎ ከወደደችው በኋላ መመለስ ለሁሉም ከባድ ነው።

ከመግዣው ይልቅ ቤተሰብ የሚያስጨንቀው ፀጉሩ ነው። የፑድል ፀጉር እንደ ሰው ያድጋል፤ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ይቆረጣል፤ በዓመት ከ9 እስከ 13 ጊዜ ማለት ነው። ለአንድ ጊዜ የሚያስከፍሉትን የአካባቢዎን የውሻ ፀጉር አስተካካይ ጠይቀው በ11 ያባዙት፤ ውጤቱ ከሜክሲኮው ቡችላ ዋጋ ቢበልጥ አይደንግጡ። በመካከሉ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ማበጠር የእናንተ ነው፦ መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብረት ማበጠሪያ። ማበጠሪያው ከቆዳው ሥር ተነስቶ እስከ ጫፍ ካላለፈ ተበጠረ አይባልም። ከላይ ብቻ የሚበጠር ውሻ ከጆሮው ኋላ፣ ከብብቱ፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር ፀጉሩ ይድበለበላል፣ ቆዳውን ይጎትታል፣ ሥሩ ይቆስላል። ከማበጠር በፊት ማጠብ ደግሞ ስህተት ነው፤ የተቋጠረው ውኃ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል። ክረምት ላይ ከጭቃ ገብቶ እርጥቡን ከተኛ በማግስቱ ያዩታል። ከዘጠኝ ወር በኋላ የቡችላ ፀጉሩ በአዋቂው ሲተካ መድበልበሉ ይብሳል፤ ብዙ ሰው ተማሮ ውሻውን የሚሰጠው ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እስከ ቆዳው አያስላጩት፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፣ ትንሽ ውሻ ይንቀጠቀጣል።

ምግቡ በመጠኑ ይወሰናል። 3 ኪሎ የሚመዝን ቶይ በቀን 70 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ይበቃዋል፤ በወር 2 ኪሎ ማለት ነው። 6 ኪሎው ትንሹ ፑድል በወር ሦስት ኪሎ ተኩል፣ 25 ኪሎው ትልቁ ግን በወር 10 ኪሎ ይፈልጋል። ከውጭ የሚገባው ምግብ ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወጣል። «ከእኛው ማዕድ ይበላል» የሚል ሐሳብ ካለዎት ይጠንቀቁ፦ ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራሉ፤ ለ3 ኪሎ ውሻ ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው። ቀቅለው መስጠት ከፈለጉ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋና ሩዝ ለየት አድርገው ይሥሩለት፤ የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠራልና አይስጡት። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ ቀድመው ያስቡበት።

ስለዚህ የሚቀረው የ55 ሺህ ብሩ ነው። ለወይዘሮዋ «ቀንሱልኝ» ብለው ከመጀመር ይልቅ የጎደለውን ይቁጠሩ። ሁለተኛው ክትባት ካልተሰጠ የእርሱና የቀሪዎቹን ዋጋ ያስቀንሱ። አባቱ ካልታወቀ ወይም ዝምድና ካላቸው በደንብ ያስቀንሱ። እናትና አባት ከታዩ፣ ካርዱ ከነስቲከሩ ከሆነ፣ ጥርሱ ከዕድሜው ጋር ከገጠመ፣ ጉልበቱም ጤነኛ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ በርካሽ ቢገኝም ልዩነቱ በሐኪም ቤት ይመለስብዎታልና አያጨቃጭቅዎት። ቀብድ ይስጡ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፣ ማስረጃው እንዲቀር። ቀሪውን ከመክፈልዎ በፊት ወይዘሮዋም ባሉበት እርስዎ የመረጡት የእንስሳት ሐኪም ይየው፦ ልብ፣ ጉልበት፣ እምብርት፣ የአናቱ አጥንት መግጠም፣ ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸው። ከዚያ በአንድ ገጽ ወረቀት ስም፣ ቀን፣ ዋጋ፣ የቡችላው መልክና የትውልድ ቀን ይጻፍ። «በ7 ቀን ውስጥ ፓርቮ ወይም ዲስቴምፐር (ሌላው ገዳይ የውሻ ቫይረስ) ከታየበት ሻጭ ገንዘቡን ይመልሳል ወይም የሕክምናውን ወጪ ይጋራል» የሚል መስመር ይግባበት፤ ሁለት ሦስት እማኝ ይፈርሙ። በትክክል ያሳደገ ሰው ለመፈረም አይግደረደርም።

ሲወስዱት የሚበላውን ያንኑ ምግብ ለሳምንት የሚሆን ይጠይቁ፤ ድንገት መቀየር ተቅማጥ ያመጣል። ከእናቱ ጋር የተኛበትን ጨርቅም ይውሰዱ። ቤት ሲገባ በቀን አራት ጊዜ ይብላ። ሌሊት ሲደክምና ሲንገዳገድ ካዩት ድዱን ጥቂት ማር ቀብተው ወዲያው ወደ ሐኪም ይሩጡ። የ16 ሳምንቱ ክትባት አልፎ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው ኮንዶሚኒየሙ ግቢ መሬት ላይ አያስቀምጡት፤ የሰፈር ውሾች በሚያልፉበት አፈር ላይ ፓርቮ ለወራት ይቆያል። ውጭውን ማየቱና ሰው መልመዱ ግን አይቅርበት፤ ልጅዎ አቅፋ ደረጃውን ታውርደው፣ ታውጣው።